ሕጻናትን ለኤም አር አይ ምርመራ ማዘጋጀት

ሕጻናትን ለኤም አር አይ ምርመራ ማዘጋጀት ማለት አንድ ሕጻን በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ ሳይፈራና ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ እንዲመረመር ለማስቻል ወላጆችና የሕክምና ባለሙያዎች የሚያደርጉት ሥራ ነው። ይህም ምርመራውን ልጁ በሚገባው ቋንቋ መግለጽን፣ በጨዋታ ማለማመድን፣ ጆሮን ከድምፅ መከላከልን፣ አስፈላጊ ሲሆንም በማስታገሻ ወይም በሰመመን ማስተኛትን ያጠቃልላል። ዓላማው ሁለት ነው፦ ለሐኪሙ ግልጽ ምስል ማግኘትና ልጁ ሕክምናን የሚፈራ ሆኖ እንዳይቀር ማድረግ። ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በደንብ ከተዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ያለ ሰመመን ምርመራውን መጨረስ ይችላሉ፤ ከዚያ በታች ካሉትም የሚችሉ አሉ።

የምርመራው ጠባይ

ኤም አር አይ ኃይለኛ መግነጢስንና የሬዲዮ ሞገድን በመጠቀም የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በሰውነት ውኃ ውስጥ የሚገኙት የሃይድሮጅን አተሞች ለሞገዱ የሚሰጡትን ምላሽ ኮምፒዩተር ወደ ምስል ይለውጠዋል። የአሠራሩን መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተሸልመዋል። ከራጅና ከሲቲ ስካን በተለየ ኤም አር አይ ጎጂ ጨረር አይጠቀምም። በዚህም ምክንያት የአንጎል፣ የሕብለ ሰረሰርና የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸውና ተደጋጋሚ ምርመራ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ይመረጣል።

ይሁን እንጂ ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። ሲቲ ስካን በሴኮንዶች ሲያልቅ ኤም አር አይ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እያንዳንዱ የምስል ዙር ለብቻው ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ልጁ ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ቢንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዝና ዙሩ እንደገና ይጀመራል። የደበዘዘ ምስል ትንሽ እጢ ወይም የሚጥል በሽታ መነሻ የሆነ ጠባሳ ሊሰውር ስለሚችል፣ ጸጥ ብሎ መተኛት የምርመራው ዋና መሠረት ነው።

ልጆችን የሚያስፈሩ ነገሮች

የመጀመሪያው ድምፁ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ጥምጥም ሽቦዎች ኤሌክትሪክ በፍጥነት ሲበራባቸውና ሲጠፋባቸው ስለሚንቀጠቀጡ ከ100 ዴሲቤል በላይ የሚደርስ ማንኳኳትና ጩኸት ይሰማል። ሁለተኛው ጠባቡ ዋሻ ነው፤ ለጭንቅላት ምርመራ ደግሞ እንደ ራስ ቁር ያለ የፕላስቲክ መቀበያ ከፊት በላይ ይደረጋል። ሦስተኛው ከወላጅ መለየት፣ አራተኛው መርፌ ነው። ለብዙ ሕጻናት ከመሣሪያው ይልቅ ለመድኃኒት መስጫ የምትገባው ካኑላ ታስፈራለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጁ ከቤት ይዞት የሚመጣው ፍርሃት አለ። ልጅ ሲያስቸግር «ሐኪም ጠርቼ መርፌ አስወጋሃለሁ» ብሎ ማስፈራራት በብዙ ቤቶች የተለመደ ነው። እንዲህ እየተባለ ያደገ ልጅ ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ ሊቀጣ የተወሰደ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሊነገረው ከሚገባው ነገር አንዱ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ጥፋት ስላጠፋ አለመሆኑን ነው።

በዕድሜ የሚለያየው ዘዴ

ከልደት እስከ ሦስት ወር ገደማ ያሉ ሕጻናት ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይመረመራሉ። ከምርመራው ጥቂት ቀደም ብሎ ሕጻኑ እንዳይተኛ ይደረግና በሰዓቱ ጡት ጠብቶ፣ ጆሮው ተሸፍኖና በጨርቅ በደንብ ተጠቅልሎ ሲያንቀላፋ ወደ መሣሪያው ይገባል። አየሩ ሲወጣ ቅርጹን የሚይዝ ልዩ ፍራሽ የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም አሉ።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ አስቸጋሪው ነው። ልጁ በቀላሉ ተኝቶ የሚቆይ ሕጻን አይደለም፤ «አትንቀሳቀስ» ሲባልም ለረጅም ጊዜ መታዘዝ ያቅተዋል። ሰመመን በብዛት የሚሰጠው በዚህ ዕድሜ ነው። ሆኖም ምርመራው አጭር ከሆነና ልምምድ ከተደረገ ከአራት ዓመት ጀምሮ ነቅተው የሚመረመሩ ልጆች አሉ። ኦቲዝም ወይም የዕድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች በዕድሜያቸው ሳይሆን በችሎታቸው ይታያሉ። ልጁ የማይወደውን ድምፅና ንክኪ፣ የሚያረጋጋውንም ነገር በደንብ የሚያውቁት ወላጆቹ ስለሆኑ ይህንን ቀጠሮ በሚያዝበት ጊዜ መናገር ይጠቅማል።

ለልጁ መንገር

ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ከምርመራው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መንገር ይበቃል፤ ረጅም ጊዜ ከተሰጠው መጨነቅ ይጀምራል። ከፍ ያሉ ልጆች ግን ጥያቄያቸውን የሚጠይቁበት ጥቂት ቀናት ያስፈልጓቸዋል። ገለጻው አጭርና እውነት መሆን አለበት፦ መሣሪያው የሰውነትን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ትልቅ ካሜራ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ አያምም፤ ነገር ግን ይጮኻል።

«ምንም የለም» ወይም «ገበያ ነው የምንሄደው» ብሎ ማታለል ለዕለቱ ሊሠራ ይችላል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ልጁ ማንንም አያምንም። መርፌ ካለ «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ ቶሎ ያልፋል» ማለት «አያምም» ከማለት ይሻላል። የቆዳ ማደንዘዣ ቅባት ከመርፌው አንድ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ቢቀባ ሕመሙን ይቀንሳል። አስፈሪ ትርጉም ሊይዙ የሚችሉ ቃላትም ይለወጣሉ። ለምሳሌ በሰመመን የሚተኛን ልጅ «ይገድሉሃል» እንዳይመስለው «መድኃኒቱ ያስተኛሃል፣ ሥዕሉ ሲያልቅ ሐኪሙ ይቀሰቅስሃል» ይባላል።

ልምምድና ጨዋታ

ልምምድ በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ይቻላል። በሁለት ወንበሮች ላይ ጋቢ ወይም አንሶላ ጣል ተደርጎ ዋሻ ይሠራል፤ ልጁ መጀመሪያ አሻንጉሊቱን ያስገባል፣ ቀጥሎ ራሱ ይገባል። ወላጁ ድስት ወይም ቆርቆሮ እየመታ ድምፁን ያስለምደዋል፤ ድምፁንም ከሚያውቀው ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከወፍጮ ቤት፣ ከከበሮ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሚወርድ በረዶ ጋር ያመሳስልለታል። ጸጥ ብሎ መቆየትን ለማስተማር ድብብቆሽ ጥሩ መነሻ ነው፤ የተደበቀ ልጅ እንዳይገኝ ትንፋሹን እንኳ ቀስ አድርጎ ይተነፍሳልና። ልምምዱ በግማሽ ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ አምስት ደቂቃ ያድጋል። ሆድ ላይ ትንሽ አሻንጉሊት አስቀምጦ እንዳይወድቅ መጠበቅም ይረዳል።

በበለጸጉ አገሮች ባሉ የሕጻናት ሆስፒታሎች መግነጢስ የሌለው የልምምድ መሣሪያ አለ፤ ልጁን በጨዋታ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም ተቀጥረው ይሠራሉ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሕክምና መሣሪያዎች ክፍል ይሠራ የነበረው ንድፍ አውጪ ዳግ ዲትዝ፣ መሣሪያው ሕጻናትን እንደሚያስለቅስ ካየ በኋላ የምርመራ ክፍሎችን በሥዕልና በታሪክ ወደ ጨዋታ ቦታ የሚለውጥ ንድፍ አወጣ። በአሜሪካ ፒትስበርግ የሕጻናት ሆስፒታል ከተሠሩት ክፍሎች አንዱ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ ይመስላል። የሌጎ ፋውንዴሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ከመጫወቻ ጡቦች የተሠሩ ትናንሽ የኤም አር አይ ሞዴሎችን ለሆስፒታሎች በነጻ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

ማስታገሻና ሰመመን

ሰመመን የሚሰጠው ልጁ ጸጥ ብሎ መተኛት ካልቻለና ምርመራው ሊዘገይ የማይገባ ከሆነ ነው። መድኃኒቱን የሰመመን ባለሙያ ይሰጣል፤ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስም የልጁን ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን ይከታተላል። ጉንፋን፣ ሳል፣ አስም ወይም ሲተኛ ማንኮራፋት ካለ አስቀድሞ ይነገራል፤ እነዚህ በመተንፈሻ አካል ላይ የሚደርሰውን አደጋ ስለሚጨምሩ ቀጠሮው ሊተላለፍ ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየ ወይም ተደጋጋሚ ሰመመን የአንጎል ዕድገትን ሊነካ እንደሚችል ገልጿል። በሌላ በኩል በተለያዩ አገሮች የተካሄደ ጥናት በሕጻንነት ከአንድ ሰዓት በታች ሰመመን የወሰዱ ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው በአእምሮ ብስለት ከእኩዮቻቸው እንዳልተለዩ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ አጭር ሰመመን አስፈላጊን ምርመራ ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ያለ ሰመመን የሚቻል ከሆነ ግን ያ ይመረጣል። በጭንቅላት ውስጥ ውኃ የተጠራቀመባቸውን ልጆች ለመከታተል በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ኤም አር አይ አለ። የጨቅላ ሕጻናትን አንጎል ደግሞ እርግብግቢት ሳይዘጋ በዚያ በኩል በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል።

ከሰመመን በፊት ምግብ መከልከል

በሰመመን ጊዜ በሆድ ያለ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ልጁ ባዶ ሆዱን መሆን አለበት። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ደንብ የሚከተለው ነው፦

- ጠንካራ ምግብ፣ የላም ወተትና የዱቄት ወተት፦ ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል
- የእናት ጡት ወተት፦ ከ4 ሰዓት በፊት ይቆማል
- ውኃና ሌላ ጥርት ያለ ፈሳሽ፦ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል

አንዳንድ ሆስፒታሎች ከዚህ ያጠረ ወይም የረዘመ ሰዓት ስለሚያዙ የመጨረሻው ቃል የሰመመን ባለሙያው ነው። አያት ወይም ጎረቤት አዝኖ በድብቅ አንድ ጉርሻ ቢሰጠው ምርመራው ሊሰረዝ ይችላል፤ ሳይነገር ቢቀር ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ጠዋት የሚጠጣ ጸበልም እንደ ውኃ ስለሚቆጠር ሰዓቱ ይጠበቅለታል። ልጁ የበላው ወይም የጠጣው ነገር ካለ ሳይፈሩ መናገር ይገባል።

ብረትና ደኅንነት

አብዛኞቹ መሣሪያዎች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጉልበት አላቸው። 1.5 ቴስላ ከመሬት መግነጢስ በ30,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። መግነጢሱ ምርመራ በሌለበት ጊዜም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት በምርመራ ላይ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ወደ ክፍሉ በገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ተመትቶ ሞቷል። ለዚህ ነው በር ላይ የሚደረገው ጥያቄና ፍተሻ ጥብቅ የሆነው።

የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ጌጥ፣ አምባር፣ የብረት መያዣ ያለው ክታብ፣ የጸጉር መርፌ፣ ዚፕና የብረት ቁልፍ ያለው ልብስ ሁሉ ይወልቃል። በክር ብቻ የታሰረ ማተብ መግነጢሱ ባይስበውም ለባለሙያው ይታያል። ኩል የብረት ቅንጣት ሊኖረው ስለሚችል ታጥቦ ይለቀቃል። በዛጎልና በብረት ያጌጠ አንቀልባ ከክፍሉ ውጭ ይቀራል። ልጁ ሳንቲም ወይም ትንሽ ባትሪ ውጦ ከሆነ፣ በሰውነቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ፣ የመስሚያ ተከላ ወይም የጭንቅላት ውኃ ማስወገጃ ቱቦ ካለ መነገር አለበት። ከውጭ የሚስተካከል የቱቦ ቫልቭ በመግነጢሱ ሊዛባ ስለሚችል ከምርመራው በኋላ ይፈተሻል።

በምርመራው ክፍል

ብዙ ሆስፒታሎች ፍተሻውን ያለፈ አንድ ወላጅ ከልጁ ጋር እንዲገባ ይፈቅዳሉ። እርጉዝ እናት አስቀድማ ትናገራለች፤ በዚህ ጊዜ አባት ወይም ሌላ ዘመድ ይተካታል። ለወላጁም ለልጁም የጆሮ መከላከያ ይሰጣል። ልጁ እጁ ላይ የሚጨመቅ የጥሪ ኳስ ይይዛል፤ ሲፈራ ከጨመቀው ባለሙያው ይሰማዋል። ይህ ሥልጣን በእጁ መሆኑን ማወቁ ብቻ ብዙ ልጆችን ያረጋጋል። ወላጁ የልጁን እግር መያዝ፣ በዙሮቹ መካከልም «ሁለት ቀረ» እያለ ሊያበረታታው ይችላል። በዙሩ መካከል ግን አያናግረውም፤ ልጁ ሲመልስ ጭንቅላቱ ይንቀሳቀሳልና። የወላጁ ፊት ከተረበሸ ልጁም ስለሚረበሽ የበለጠ የሚረጋጋው ሰው ቢገባ ይመረጣል።

ከምርመራው በኋላ

ያለ ሰመመን የተመረመረ ልጅ ወዲያው መብላትና መጫወት ይችላል። ሰመመን የወሰደ ልጅ ሲነቃ ሊያለቅስ፣ ሊያስመልሰውና ሊንገዳገድ ይችላል፤ በዚያ ቀን ብቻውን ደረጃ አይወጣም፣ ብስክሌትም አይነዳም። ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ትንፋሹ ከከበደ ወይም ማስመለሱ ካልቆመ ወደ ሆስፒታል ይመለሳል። ውጤቱን የራጅ ሐኪም ካነበበው በኋላ ያዘዘው ሐኪም ያስረዳል፤ ምስሉን ያነሳው ባለሙያ በበሩ ላይ ሳይናገር ቢቀር መጥፎ ነገር አይቷል ማለት አይደለም።

ልጁ ምርመራውን ሳይጨርስ ቢወጣ አይቀጣም፣ በወንድሞቹም ፊት አይወቀስም። ሙከራው ራሱ ልምምድ ስለሆነ ሁለተኛው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

በኢትዮጵያና በውጭ አገር

በኢትዮጵያ የኤም አር አይ መሣሪያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች ነው። ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦች ቀጠሮ ሲይዙ ማዕከሉ ለሕጻን ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ ያለው መሆኑን፣ የምግብ መከልከያ ሰዓቱንና የቀደሙ ምስሎችን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ቢጠይቁ ከከንቱ ጉዞ ይድናሉ። ልጁ ሌሊቱን በመኪና ተጉዞ በማለዳ ከሚደርስ ከዋዜማው ገብቶ ቢያድር ይሻላል። ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይም በውጭ አቆጣጠር መሆኑን ማረጋገጥም ከስህተት ያድናል።

በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የመንግሥት ገንዘብ ከሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላቸው። እንግሊዝኛ የሚችል ታላቅ ልጅ ለታናሹ እንዲያስተረጉም ማድረግ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ስለ ሰመመንና ስለ ሰውነት ውስጥ ተከላ የሚጠየቀው ጥያቄ በልጅ ትከሻ ላይ የሚጣል አይደለምና።