ሥጋዌ

ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው፤ ሥጋ መልበስ፣ ሰው መሆን ማለት ነው። አቻው «ትስብእት» የወጣው ሰው ከሚለው «ሰብእ» ነው። የሊቃውንት ጉባኤ ቃል ቢመስልም ኑሮ ውስጥ የገባ ነው። አምላክ ሥጋ ለበሰ ካልን ተራበ፣ ተጠማ፣ መንገድ አደከመው እያልን ነው። በወለንጪቲ ቀትር፣ በጅቡቲው መንገድ ዳር ጀሪካን ተሸክማ የምትሄድ እናት የምትጸልየው ጥማትን በራሱ ጉሮሮ ወደሚያውቅ አምላክ ነው። ለእኔ የሃይማኖታችን ትልቁ መጽናኛ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጽንሰቱን መጋቢት 29፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ታከብራለች። በመካከሉ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አለ፤ 275 ቀን። እናቶቻችን እርግዝናን የሚቆጥሩትም እንዲሁ ነው። እንደ ማንኛውም ሕፃን ቀኑን ጠብቆ ተወለደ ማለት ነው፤ አባቶች ይህን ቁጥር የጠበቁበት ጥንቃቄ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ወደ ታኅሣሥ 28 የሚመጣው የማኅፀኑ ቀን ከ275 እንዳያልፍ ነው።