ከሊማሊሞ ዓለት እስከ ኮምፒውተር መዝገብ፦ ማግኔት አቅጣጫውን ይዞ የሚቆየው እንዴት ነው?

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ የሚወርድ መንገደኛ በጎኑ የሚያየው ገደል በየተራ የተነባበረ ጥቁር ዓለት ነው። ንብርብሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሱ የረጉ የእሳተ ገሞራ ቅልጦች ናቸው። ባዛልት የሚባለው ይህ ዓለት ብረት አዘል የሆነ የማግኔታይት ማዕድን ደቃቅ ቅንጣቶችን ይዟል።

ቅልጡ እንደ ጋለ ቅንጣቶቹ ቋሚ ማግኔትነት የላቸውም። ንጹሕ ማግኔታይት ይህን ጠባይ የሚያገኘው ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ነው፤ ታይታኒየም የተቀላቀለበት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት። በዚያን ጊዜ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ያመለከተበትን አቅጣጫ ቅንጣቶቹ ይዘው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከሊማሊሞ ንብርብሮች በወሰዷቸው ናሙናዎች አንዳንዶቹ ከዛሬው ጋር የሚስማማ፣ ሌሎቹ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ተገኝተዋል። ምድር የማግኔት ዋልታዎቿን በየዘመኑ ትገለብጣለችና ነው፤ የመጨረሻው ግልበጣ የተከሰተው ከ780 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነው።

አግሎ በመስክ ውስጥ እያቀዘቀዙ አቅጣጫ ማስያዝ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካም ይሠራበታል። «ማግኔቲክ ታነል ጃንክሽን» የሚባለው የኮምፒውተር ክፍል ሁለት ስስ የማግኔት ንጣፎች አሉት። በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ናኖሜትር የሆነ ግርዶሽ አለ፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ግርዶሹ ኤሌክትሮኖችን ሊያግድ በተገባው ነበር፤ በኳንተም ሕግ ግን ሾልከው ያልፋሉ። የንጣፎቹ አቅጣጫ አንድ ሲሆን በብዛት፣ ተቃራኒ ሲሆን በጥቂቱ ያልፋሉ። ኮምፒውተር ይህን ልዩነት ዜሮና አንድ ብሎ ያነብበዋል። ውጤቱ በመደበኛ የክፍል ሙቀት በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ በ1995 በአሜሪካና በጃፓን ቤተ ሙከራዎች ነው።

ለዚህ አንደኛው ንጣፍ ጸንቶ መቆም፣ ሌላው በነጻነት መዞር አለበት። የመጀመሪያውን የሚያስረው «ኤክስቼንጅ ባያስ» የተባለው ክስተት ነው። እ.ኤ.አ በ1956 ማይክልጆንና ቢን የተባሉ ተመራማሪዎች ኦክሳይድ የለበሱ የኮባልት ቅንጣቶችን በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያቀዘቅዙ፣ ቅንጣቶቹ ወደ አንድ ወገን አድልተው ተገኙ። ምክንያቱ ልባሱ ነበር። በኦክሳይዱ ውስጥ የጎረቤታሞች አቶሞች አቅጣጫ እየተቃረነ ስለሚጣፋ የውጭ መስክ በቀላሉ አያነቃንቀውም፤ የነካውን ኮባልትም እንደ ችካል ይይዘዋል። ዛሬ ይህን ተግባር አብዛኛውን ጊዜ የማንጋኒዝና የኢሪዲየም ቅይጥ ይፈጽመዋል።

ነጻው ንጣፍ ሲገለበጥ ደግሞ እንደ በር በአንድ ጊዜ አይዞርም። «ስፒን» የሚባለው የኤሌክትሮን ማግኔታዊ ጠባይ፣ ዘንበል ብላ እንደምትሾር እንዝርት፣ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞረ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። ይህ ሁሉ በጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛዎች ይፈጸማል።

የሊማሊሞ ዓለትና ይህ ክፍል በማቀዝቀዙ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ባዛልቱ አቅጣጫውን የያዘው በራሱ ቅንጣቶች ጽናት ነው፤ ያለ ሌላ ልባስ። በተፈጥሮ ዓለት ውስጥ እውነተኛ ኤክስቼንጅ ባያስ መኖሩ ግን በኖርዌይ ማዕድን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2007 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል።

የባዛልቱ ማግኔትነት ለደገኛው ገበሬም ግድ የሚሰጥ ጉዳይ ነው። በተለይ መብረቅ የመታው የተራራ ጫፍ ጠንካራ ማግኔትነት ስለሚኖረው የኮምፓስን መርፌ ያስታል። ስለዚህም ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለ ዓለት ላይ የፀሐይን አቅጣጫ ጭምር ይለካሉ። የእጅ ስልክ ካርታም ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ስለሆነ በዓለቱ አይታለልም፤ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ግን የማግኔት መለኪያን ስለሚከተል ከባዛልት ዓለት፣ ከመኪና ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ሊስት ይችላል።

የማሳ ወሰን በኮምፓስ የሚለካ ከሆነ ስሕተቱን ማወቂያ ቀላል ዘዴ አለ። ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው፣ ከዚያም ከሌላው ወደ መጀመሪያው ይነበባል። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት 180 ዲግሪ ካልሆነ ከችካሎቹ ቢያንስ በአንዱ አጠገብ መርፌውን የሚስብ ነገር አለ ማለት ነው፤ ልኬቱም ከሌላ ቦታ ሊደገም ይገባል።