የአድዋ ውልና የምጽዋ ወደብ

በ1876 ዓ.ም. በግንቦት ወር የንግሥት ቪክቶሪያ መልእክተኛ አድሚራል ዊልያም ሂዌት አድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ፊት በቀረበ ጊዜ፣ መንግሥቱን ያስጨነቀው ነገር ማህዲ በሱዳን ባስነሣው ዐመፅ የተከበቡት የግብፅ ጭፍሮች ከከሰላና ከአካባቢዋ በደኅና የሚወጡበት መንገድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ግብፆችን በጉንደትና በጉራዕ ድል ከነሡ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ከባሕሩ በር ላይ አላነሡም።

ግንቦት 27 ቀን የተፈረመው ኪዳን እነዚህን ሁለት ምኞቶች በአንድ ወረቀት ላይ አዋደዳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የተከበቡት ጭፍሮች በግዛታቸው አልፈው እንዲወጡ ይረዳሉ፤ በዚህም ፈንታ ግብፅ የያዘችው የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ የጦር መሣሪያ ሳይቀር ማናቸውም ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ በምጽዋ በኩል በነጻ ያልፋል። አንደኛውን አንቀጽ ልብ ብሎ የመረመረ ሰው ግን ወደቡ ራሱ ለኢትዮጵያ ይሰጣል የሚል ቃል አያገኝበትም፤ የተሰጠው መተላለፊያው ብቻ ነው፣ በሩስ በሌላ እጅ ቀርቷል።

ለለንደን ሹማምንት ቀይ ባሕር የሕንድ መንገድ ነበር። በኦቦክ የተተከለው የፈረንሳይ ሰንደቅ ዓላማ እንቅልፍ ይነሣቸው ስለ ነበር፣ ግብፅ ልትጠብቀው ያልቻለችውን ወደብ ፈረንሳይ ከምትይዘው ይልቅ ጣሊያን ብትይዘው መረጡ። የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም በማህዲ እጅ ወድቃ ጠባቂዋ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርዶን በተገደለ በዐሥረኛው ቀን፣ ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወታደር ምጽዋ ወረደ፤ ኪዳኑ ገና ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከዚህ በኋላ እንኳ ዐፄ ዮሐንስ ቃላቸውን አላጠፉም። በመስከረም 1878 ዓ.ም. የጦር አለቃቸው ራስ አሉላ ወደ ከሰላ ሲዘምቱ ኩፊት ላይ የማህዲስቶቹን አዛዥ የዑስማን ዲግናን ጦር ገጥመው ድል አደረጉ፤ ከሰላ ግን አስቀድማ ወድቃ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን ታማኝነት ማመስገን ቀላል ነው፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእንግሊዝን ጭንቀት ተሸክመው ደርቡሽን፣ የማህዲን ተከታዮች፣ የራሳቸው ባለ ደም ማድረጋቸው ከምጽዋ መታጣት ያላነሰ ጉዳት ይመስለኛል። ከሂዌት ጋር አብሮ የመጣው እንግሊዛዊ ኦገስተስ ዋይልድ ሳይቀር በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የገዛ መንግሥቱን አጥብቆ ወቅሷል።

በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደር ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱ በኋላ፣ እንግሊዝ ጄራልድ ፖርታልን ለዕርቅ ላከች። ዕርቁም ኢትዮጵያ ለጣሊያን መሬት እንድትለቅ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱም ጣሊያኖች በአገራቸው፣ እሳቸውም በአገራቸው ሲኖሩ ካልሆነ በቀር ዕርቅ እንደማይሆን መለሱ፤ ፖርታልም ባዶ እጁን ወደ ምጽዋ ወረደ።