በዝቅተኛ ሞገድ የማሰራጨት ፈቃድ

የአማተር ሬድዮ ፈቃድ በኢትዮጵያ ወጥ ጉዞ አልነበረውም። በንጉሡ ዘመን በአስመራው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ በቃኘው፣ ኢቲ3ዩኤስኤ የሚባል ጣቢያ ነበር። በደርግ ዘመን ግን አማተር ሬድዮ ጸጥ አለ፤ ማሰራጫ በቤቱ የያዘ ሰው በጥርጣሬ በሚታይበት ወቅት ይህ አያስገርምም። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ የአማተሮች ማኅበር ተቋቁሞ፣ ጣቢያው ኢቲ3ኤኤ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሞገድ ጉዳይ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተዛወረ።

ዝቅተኞቹ ሞገዶች ለአማተሮች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈቀዱት ዘግይተው ነው፦ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ ያለው በ2000፣ ከ472 እስከ 479 ያለው በ2004 ዓ.ም.። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ድልድል ናቸው፤ ባለቀዳሚውን ተጠቃሚ ማወክ አይፈቀድም። የሚረጨው ኃይል ጣሪያ 1 ዋት ነው። በ472ቱ ላይ አገሮች እስከ 5 ዋት ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ቦታው ግን ጅቡቲን፣ ሶማሊያንና ሱዳንን ጨምሮ በስም ከተዘረዘሩ አገሮች ድንበር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ አለበት። አዲስ አበባ ለጅቡቲ ከዚያ ትቀርባለች፤ ስለዚህ ለከተማዋ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ 1 ዋት ብቻ ይቀራል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው አንቴናው ነው። በ136 ኪሎኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሩቡ እንኳ 550 ሜትር ይሆናል። ግቢዎች በተጠጋጉበት ኮልፌ ይህን መዘርጋት ስለማይቻል፣ አጭር ሽቦ በትልቅ ጥቅል ይስተካከላል፤ አብዛኛው ኃይልም በጥቅሉና በመሬቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።