የሐዋሳ ኮርኒስ ከየት መጣ

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ከሰማሁ ማንም አይቀድመኝም። ቆርቆሮውን ለፈለገ እተዋለሁ፤ እኔ የምሄደው ለኮርኒሱ ነው። አንዱን ጣውላ አውርጄ ጥላሸቱን ጠረግ አድርጌ በመላጊያ ሁለት ጊዜ ሳብ ስለው ፈዛዛ ቢጫ እንጨት ብቅ ይላል፤ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ የዕድሜ ቀለበቱ በዓይን የማይለይ፣ ሲዳስሱት የሚያንሸራትት። ዝግባ ነው። ዛሬ ወጣት አናጢ ይህን ጣውላ ሳሳየው «ከውጭ የመጣ ነው?» ይለኛል። ከወንዶ ገነት ተራራ የመጣ ነው ስለው ይስቃል።

ሐዋሳ ልጅ ከተማ ናት። ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ገዢ በነበሩበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ሲዛወር ግን ነገሩ ሁሉ ተጣደፈ። ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ሆቴል ባንድ ጊዜ ይሠራ ጀመር። ያን ጊዜ ለአናጢ ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሥራው ራሱ ነበር የሚፈልገው። እኔም በስድሳዎቹ መጀመሪያ ተላላኪ ሆኜ የገባሁት ወደ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ነው። ሰጋቱራ ስጠርግ፣ ሙጫ ሳሞቅ ቆይቼ ነው መጋዝ የጨበጥሁት።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ እንጨትን የሚለዩት በባሕርይው ነበር። ጥድ ለመሬት ነው፤ ምስጥ ስለማይደፍረው ቋሚው ከእሱ ይሁን። ዋንዛ ለበርና ለቁም ሣጥን። ቀረሮ ቀላ ያለ ስለሆነ ቨርኒሽ ሲቀባ ያምርበታል፣ ለጠረጴዛ ይሁን። ዝግባ ደግሞ ለላይ፦ ለኮርኒስ፣ ለወለል ጣውላ፣ ለመስኮት፣ ለመደርደሪያ። አፈር ከነካ ምስጥ ይጨርሰዋል፤ ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ግን ከሠራው ሰው በላይ ይኖራል። አንድ ጠባይ አለው፤ በምስማር ይሰነጠቃል። «ልጄ፣ መጀመሪያ የምስማሩን ጫፍ በመዶሻ አደንዝዘው» ይሉኝ ነበር። ሹል ምስማር ጭረቱን ከፍሎ ይገባና ጣውላውን ይተረትረዋል፤ የደነዘዘው ግን እንጨቱን እየቀጠቀጠ ቀዳዳውን ራሱ ያበጃል። ክረምት ላይ እርጥብ ጣውላ ሲመጣ ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ደፍቶ መተው አይቻልም። በየመሃሉ ስስ እንጨት እየከተቱ ካላናፈሱት ሻጋታ ገብቶ ሰማያዊ ያደርገዋል። አንድ የመኪና ጭነት እንዲህ ጠቁሮ ለደንበኛ በቀለም ተሸፍኖ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ የማን እንደነበረ አልናገርም።

ያ ሁሉ ጣውላ የሚወርደው ከሦስት አቅጣጫ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ከሙኔሳና ከሻሸመኔ ደን፤ በደቡብ በኩል ራቅ ብሎ ከአንፈራራና ከዋደራ፤ ለእኛ ቅርብ የነበረው ግን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ወንዶ ገነት ነው። ዛሬ ሰው ወንዶ ገነትን የሚያውቀው በፍል ውኃው ነው። ከፍል ውኃው በላይ ያለውን ጫካ በልጅነቴ ከጭነት መኪና ላይ ሆኜ ሳየው ቀትር ላይ እንኳ ውስጡ ጨለማ ነበር። ከሁሉ በላይ አንገቱን ብቻውን የሚያወጣው ቀረሮ ነው፤ ሃምሳ ሜትር ድረስ የሚመዘዝ ዛፍ ነውና። ዝግባው ከእሱ እምብዛም አይርቅም። ከነሱ ሥር ጥቁር እንጨት፣ ሳሳ፣ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ዳር ዳሩን ብሳና። ሲዳማዎቹ ዝግባን ዳጉቾ ይሉታል። የአገራችን የራሷ የሆኑት የጥድ ወገን ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሐበሻ ጥድና ዝግባ። ጥዱ ደረቅ ደጋ ይወዳል፤ ዝግባ ግን ዝናብና ጥላ ያለበትን ጫካ ነው የሚመርጠው። ደግሞ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ብቻ ስለሆነች አንዱ ለብቻው ቢተርፍ ዘር የለውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ስለ ደን መጥፋት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ገበሬው ነው፤ መጥረቢያ ይዞ የገባው፣ ከሰል ያከሰለው። እኔ ያየሁት ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ የገባው ትእዛዝ ነው። ለቢሮ ጠረጴዛ፣ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለሹም ቤት ወለል። ትእዛዙን ተከትሎ እንጨት መሰንጠቂያው መጣ፤ መሰንጠቂያው መኪና የሚያስገባ መንገድ ጠረገ፤ ትልልቁ ዝግባና ቀረሮ እየተመረጠ ወደቀ። በከባዱ ግንድ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሁለት ሰው መጋዝ የሚስቡት ሰዎች የቀን ተከፋይ ነበሩ፤ አንዲት ጣውላ ለራሳቸው ቤት አልወሰዱም። ገበሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በተጠረገው መንገድ፣ በሳሳው ጫካ። እኛ ከተሜዎቹ ኮርኒሱ ሥር ተኝተን ነው የምንፈርድበት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጠነ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን፣ በ1983 ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ፣ በሁለቱም ጊዜ ጠባቂ የሌለው ክፍተት ተፈጠረ፤ ጫካው ላይ የወደቀው መጥረቢያ ቁጥር አልነበረውም። ገሰሰ ደሴ ከስዊድናዊው ዮሐን ክሌማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት የሳተላይት ምስሎችን አመሳክሮ በደቡብ ማዕከላዊው ስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ደን እ.ኤ.አ. በ1972 ከነበረበት 16 በመቶ በ2000 ወደ 2.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። 40,324 ሄክታር ነው የጠፋው፤ በዓመት 1,440 ሄክታር ማለት ነው። የሚገርመው፣ የስዊድን መንግሥት የደገፈው የደን ማሠልጠኛ ተቋም እዚያው ወንዶ ገነት እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፍቶ፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ፣ የአገሪቱን የደን ባለሙያ ሲያስመርቅ ኖሯል። ኮሌጁ በሚጠብቀው ጥግ ላይ የተረፈው ባይኖር የቀደመውን ለልጅ የምናሳይበት ቦታ ባልኖረን። ከአጥሩ ውጭ ያለው ተዳፋት ዛሬ ጫትና ባሕር ዛፍ ነው።

የሐዋሳ ሰው ይህ አይመለከተኝም እንዳይል ውኃው አለ። ከወንዶ ገነት ተራራ የሚወርዱት ጅረቶች ቀድሞ ጨለለቃ ከሚባል ሐይቅ ይገቡ ነበር። ከዚያ ጥቁር ውኃ ወንዝ ሆነው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይፈስሱ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቃችን የሚገባ ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ተራራው ሲራቆት አፈሩ ወረደ። ጨለለቃ በደለል እየተሞላ ረግረግ ሆነ፤ ልጅ ሳለን ጀልባ የሚሄድበት ላይ አሁን ከብት ይግጣል። ከደለሉ ተረፍ ያለው እየዘለለ የሚመጣው ወደ እኛው ነው።

ሕግ አልወጣም አልልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን፣ ዋንዛን፣ ኮሶንና ሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እኛ አናጢዎች ያን ጊዜ ወደ ሞራሌና ወደ ቺፑድ ዞርን፤ ኋላ ኤምዲኤፍ መጣ፤ ዛሬ መላጊያ ሳይነካ ቁም ሣጥን የሚሠራ ልጅ አለ። ከአዋጁ በፊት ግን ሌላ አዋጅ ነበር። የሲዳማ ሽማግሌዎች በፍቼ ጨምበላላ በዓል በጉዱማሌ አደባባይ ሲመክሩ ከስንፍና፣ ከልመና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ጋር አንድ ላይ የሚያወግዙት አገር በቀል ዛፍ መቁረጥን ነው። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመዘግበው ይህንኑ አስፍሮታል። ዛፍ መቁረጥ ከሐሰት ምስክርነት ጋር የተደረደረበት ሕግ ከአዋጁ ይልቅ ለእኔ ይገባኛል።

እንተክለው የሚሉም አሉ፤ ዝግባ ግን ባሕር ዛፍ አይደለም። ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት ስላለው መሬት ላይ ወራት ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አይቆይም። አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚጠብቅ የዘር ክምችት የለውም። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ሲቆረጡ ጫካው ተመልሶ የሚበቅልበት ነገር ከመሬቱ ውስጥ አብሮ ያልቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ሥራ ያን ጠንካራ ቅርፊት አስወግዶ ዘሩን በፍጥነት ማብቀል እንደሚቻል አሳይቷል። ዘዴው አለ ማለት ነው። ቅርፊቱን ሲሰብሩ ውስጡን እንዳያደቁት ለአናጢ እጅ የሚስማማ ሥራ ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ትንሿ ማቆንጠጫ ከመዶሻ ትሻላለች። ችግሩ ፍሬ መልቀሙ ላይ ነው። ያፈራች ሴት ዛፍ የምትገኘው ወይ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወይ በኮሌጁ ደን፣ ወይ ማንም በማይደርስበት ገደል ላይ ነው፤ ፍሬው ቢጫ እስኪሆን የጠበቀ ሰውም ከጦጣና ከሌሊት ወፍ ቀድሞ መድረስ አለበት።