ከጎታ እስከ ፌስታል

በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር አዛዦቹን አሰረ። የጥያቄው መነሻ ሥልጣን አልነበረም፤ የተበላሸ ምግብና የሚጠጣ ውኃ ማጣት ነበር። ነገሩን እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ወታደሮቹ ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ አደረጓቸው። ከስምንት ወር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የከተማውን ማዕድ በዓይነ ቁራኛ ይከታተላል። የሚከታተለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋ። ጓዳ የምታስተዳድር እናት ደግሞ ከዋጋው እኩል የምትጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሏት። መቼ ልግዛ? ምን ያህልስ ልግዛ? የኑሮ ውድነት ክርክራችን ለሃምሳ ዓመት የዘለላቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

በድሮው ሥርዓት ወታደሩና አሽከሩ የድካሙን ዋጋ በአብዛኛው በቀለብ ያገኝ ነበር። ቤትም የሚታሰበው በዓመት ነው። እህሉ ከአውድማ በሚገባበት በጥርና በየካቲት ዋጋው ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጎታው ሲራቆት፣ ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ ባለሙያዋ ሴት የዓመቱን ጤፍ በበጋ ትሸምታለች፤ በርበሬዋን ታሰጣለች፤ አተሩንና ሽምብራውን ቆልታ፣ ከክካ፣ ቅመሙን አሰናድታ ሽሮ ታስፈጫለች። ዝናብ ሲገባ ማስጣት አይቻልም፤ እህሉም ይወደዳል። ባልትና የምንለው ነገር የጣዕም ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ የክረምቱን ዋጋ በበጋ ማምለጫ ነበር።

ሌላውም ዘዴ እንዲሁ ነው። የተረፈ እንጀራ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል፤ ከበዛ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ይቀመጣል። ሥጋ ይዘለዘልና ቋንጣ ይሆናል። ጾም የሚጾመው ለነፍስ ነው፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ገደማ ቅቤና ሥጋን ከወጪው ላይ ያነሣሉ። በዓል ሲደርስ ደግሞ በሬ ለብቻው መግዛት የማይችል ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር አዋጥቶ ቅርጫ ይገባል። ድሃውም ሥጋውን የሚያገኘው በበሬ ዋጋ እንጂ በኪሎ ዋጋ አይደለም።

ደመወዝ በጥሬ ገንዘብና በወር መከፈል ሲለመድ የከተማው ቤት ከዓመት ወደ ወር ወረደ። ኩንታል ጤፍ አስገብቶ ሽሮና በርበሬ ያዘጋጀ ቤት ግን አሁንም ደኅና ቤት ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሶ፣ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀ። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ሱቅ ተከፈተ። ጤፉ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው በራሽን ካርድ፣ በሰልፍ፣ በተተመነ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ክደን አንለፈው። ግን እህሉ ርካሽ የሆነው ሌላ ሰው ከፍሎበት ነው። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገዶ ነበር፤ እህል በየኬላው ይያዝ ነበር። የከተማዋ እናትም መቼና ምን ያህል እንደምትገዛ መወሰኑ ቀረባት፤ የሚወስነው ካርዱ ሆነ። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሣ የተተመነው ዋጋም አብሮ ሄደ።

ኢሕአዴግም በተራው ዋጋን ሊያዝዝ ሞከረ። በ2003 ዓ.ም. ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦና ሥጋን በጨመሩ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃው ከመደርደሪያ ሸሸ፤ ከወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ማኅበር በኩል መታደሉ፣ ሰልፉም ቀጠለ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ የእሁድ ገበያ መጣ፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባም የስንቱን እናት የጠዋት ጭንቀት አቃለለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ወር ላይ መድረስ ለደመወዝተኛው ይበልጥ ራቀ።

ዛሬ ጉልት ሄዶ ያየ ሰው ታሪኩ የት እንደደረሰ ያውቃል። ሽንኩርቱ በመደብ፣ ስኳሩ በሩብ ኪሎ፣ ሽሮው በትንሽ ፌስታል፣ እንጀራው በቁጥር ነው የሚገዛው። ከዓመት ወደ ወር የወረደው ቤት አሁን ወደ ቀን ወርዷል። እዚህ ላይ ያለው ግፍ በዝምታ የሚታለፍ ነው። ኩንታል የሚገዛው ሰው ለኪሎ የሚከፍለው ያነሰ ነው፤ በፌስታል የሚገዛው የቸርቻሪውን፣ የጋጋሪውንና የአመላላሹን ትርፍ ሁሉ ይሸከማል። እንጀራ በቁጥር የምትገዛው እናት ሒሳብ አጥታ አይደለም። የኩንታሉን ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚሰጣት የለም፤ የተከራየችው አንድ ክፍልም ጤፍ ማስቀመጫና ምጣድ መጣያ የለውም። ስለ ቁጠባ የሚመክሯት ሰዎች ይህን መጀመሪያ ሊያውቁ ይገባል።

መፍትሔውም ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ቅርጫ በሬን ለድሃ ያደረሰው ዋጋውን በማዘዝ አልነበረም፤ ገዢዎቹን በማሰባሰብ ነው። ዕቁብ በጥር ወጥቶ ለጤፍ ቢውል፣ የሠራተኞች የብድርና ቁጠባ ማኅበር የቀለብ ብድር በአዝመራ ወቅት ሰጥቶ ከደመወዝ በየወሩ ቢቆርጥ፣ የሸማቾች ማኅበር ከገበሬው ዩኒየን በበጋ በብዛት ገዝቶ ለአባላቱ ቢያስቀምጥ፣ ገበሬው ሳይበደል የከተማው ቤት ከነሐሴ ዋጋ ያመልጣል። ለዚህ ደግሞ መጋዘንና የታመነ ሒሳብ ያዥ ያስፈልጋል፤ ማኅበሮቻችን በተደጋጋሚ የሚወድቁትም እዚያው ላይ ነው።

መጪው ጥር ሩቅ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ ጥያቄው ከአሁኑ ይነሣ፤ የዘንድሮን ጤፍ ማን፣ መቼ፣ በስንት ሰው ስም ይገዛል?