ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ፦ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ስለ ደራሲ አሳብ አስቀድሞ የሚመሰክረው ብዙ ጊዜ ለመጽሐፉ የሰጠው ስም ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለው ሰየሙት። በ1915 ዓ.ም. የወጣውን «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን ሥራቸውንም በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ አድርገው አቀረቡት። የፊተኛው የምግባር፥ የኋለኛው የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም የሚናገረው አባት፥ የሚሰማውም ልጅ ነው። ስለዚህ ኅሩይ ታሪክን የጻፉት የአባትነታቸው ሥራ አድርገው ነው ማለት ይቻላል።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፥ በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ተጓዙ። በሚከተለው ዓመት በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቈጥር ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም.ም አስፍተው ደገሙት። ቤቱን የሚያስተዳድር አባት አስቀድሞ ያለውን እንዲቈጥር፥ እርሳቸውም የሀገራቸውን የጽሑፍ ሀብት ቈጠሩ። ጎሃ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት ያቋቋሙትም፥ የተጻፈው ነገር በጥቂቶች እጅ ተዘግቶ እንዳይቀር ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓንን ከጐበኙ በኋላ ያዩትን በ1924 ዓ.ም. በመጽሐፍ አውጥተው ለወገናቸው ነገሩ።

ከሁሉ ይልቅ «የሕይወት ታሪክ» ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ መጽሐፍ የሞቱት መኳንንትና ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ፥ በውጭ ሀገር የተማሩ ወጣቶችም ስማቸው ተመዝግቧል። የዛሬ ተመራማሪዎች ስለ መጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ተማሪዎች ሲጽፉ ወደዚህ መዝገብ የሚመለሱት ስለዚህ ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ የትውልድ ሐረግ እንደሚቈጠሩ ሁሉ፥ አሮጌውና አዲሱ ትውልድ በአንድ መጽሐፍ ተገናኙ።

ይሁን እንጂ ፍቅር የታሪክን ሚዛን እንደሚያዛባ መካድ አይገባም። ኅሩይ ስለ ጥንታውያን ነገሥታት የሰጡት ረጅም ተከታታይ ዝርዝር ለፈረንሳዊው ለሞሪየ መጽሐፍ ብዙ ዕዳ አለበት፤ ሊቃውንትም እንደ እውነተኛ ታሪክ አይቀበሉትም። ለልጆቹ ረጅም የዘር ሐረግ ሊያወርስ የሚወድ አባት፥ ያገኘውን ሁሉ ሳይመረምር ይሰበስባል። በመዝገባቸውም የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ሰው በረከተ፤ የገበሬውና የሸማኔው ቤት ግን ሳይጻፍ ቀረ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ቤታቸውንም ሥራቸውንም በአንድነት መታ። ከንግሥተ ሳባ እስከ ዐድዋ ድል ድረስ የሚተርከው ታላቁ የታሪክ መጽሐፋቸው በኅትመት ላይ ሳለ ሥራው ተቋረጠ። እርሳቸውም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ስለ ወገናቸው ቤት ብዙ የጻፉት ሰው ከራሳቸው ቤት ርቀው፥ የሀገራቸውን ነፃነት ሳያዩ ሞቱ።

የዘሩት ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ በመመለስ የአባታቸውን የመጽሐፍ ሥራ ቀጠሉ። የተቋረጠው ታሪክም ከብዙ ዘመን በኋላ ለአንባቢ በቃ።

እንግዲህ ኅሩይን ማክበር ያሉትን ሁሉ መቀበል አይደለም፤ የጀመሩትን ቈጠራ መፈጸም ነው እንጂ። በየአውራጃው የሽማግሌዎች ቃል፥ በየሳጥኑ የቤተ ሰብ ደብዳቤና የርስት ወረቀት ገና ሳይጻፍና ሳይመዘገብ አለ። እርሳቸው ያልደረሱበትን የገበሬውንና የሸማኔውን ቤት ለሚነሡ ልጆች መመዝገብ የእኛ ተራ ነው፤ ሽማግሌው ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ የለምና።